ኳስ የሚመልስ በር

ውሻ ቤት ውስጥ አሳድራለሁ ስል ሰው ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል። ታላቅ እህቴማ ከበሩ አታልፍም። «ጠበል በተቀመጠበት ቤት ውሻ!» ትልና ደረጃው ላይ እንደቆመች አውርታኝ ትሄዳለች። እኔም ግትር ነኝ፤ ወንበር አላወጣላትም። ቆማ ስታወራ ወሬዋ ያጥራል፣ እሱም አንድ ጥቅም ነው።

ውሻው የእናቴ ነበር። አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ የነበረውን ግቢያችንን ይጠብቅልኛል ብላ ገና ቡችላ ሳለ አመጣችው። ሳያድግላት ሞተች። ግቢው ተሸጠ፤ ወንድሞቼና እህቴ አልጋውን፣ ቡፌውን፣ ድስቱን ሳይቀር ተከፋፈሉ። ውሻውን ግን የእኔ ይሁን ያለ አልነበረም። ገዢው «ይህን አውጡልኝ» ሲል የነጠላዬን ጫፍ አንገቱ ላይ አስሬ በባጃጅ ወደ ቱሉ ዲምቱ ወሰድኩት። ከእናቴ ቤት እስትንፋስ ያለው ነገር እሱ ብቻ ነው የቀረኝ። በጣም እወደዋለሁ። ማንም እንዲወስድብኝ አልፈልግም ነበር።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነው። በጋውን ከብሎኮቹ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ጠዋትና ማታ እየወሰድኩ አስሮጠዋለሁ፤ ደክሞ ይገባል፣ ይተኛል፣ እኔም እተኛለሁ። ክረምቱ ሲገባ ግን ነገሩ ተበላሸ። የቱሉ ዲምቱን ክረምት የማያውቅ ሰው ፎቅ ቤት ሁሉ ሞቃት ይመስለዋል። ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ነፋሱን የሚይዘው ነገር የለም። በመስኮቱ ክፈፍ ይገባል፣ በበሩ ሥር ይገባል፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሳይቀር ፈልጎ ያገኝሻል። አንድ ቀን ሜዳ ላይ ዝናብ ደርሶብን በስብሰን ገባንና ውሻው ሳምንቱን ሙሉ ሲያስል ከረመ። የእንስሳት ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ «ብርድ መትቶታል። ክረምቱ እስኪያልፍ ከቤት አይውጣ፤ ካልሮጠ ደግሞ ያብዳል» አለኝና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ክረምቱን ሙሉ የውሻ አጫዋች ሆንኩ። አሮጌ ነጠላ ገምጄ ገመድ ሠራሁና እንጓተታለን፤ እሱ ያሸንፋል። የፕላስቲክ ኩባያዎች ደፍቼ ከአንዱ ሥር የዳቦ ቁራሽ እደብቃለሁ፤ በአፍንጫው እየገፋ ያገኘዋል። ይህን ሲለምደው ዳቦውን በአሮጌ ብርድ ልብስ እጠቀልልና እቋጥርበታለሁ፤ ሲፈታ፣ ሲጎትት፣ ሲያሸት ጥሩ ጊዜ ይወስድበታል። ውሻ በእግሩ ብቻ ሳይሆን በአፍንጫውም እንደሚደክም ያወቅኩት ያኔ ነው። አንድ ቀን ግን ባዶ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ሽንብራ ጨምሬ ሰጠሁት። ከወለሉ ጋር እያጋጨ ሲያንኳኳው ከታች ያሉት ጎረቤቶች ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድቡ ጀመር፤ እሱም የመጥረጊያውን ድምፅ ሲሰማ ይጮህ ጀመር፤ እነሱም ጩኸቱን ሲሰሙ ይበልጥ ደበደቡ።

በማግስቱ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ በሬን አንኳኳ። ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ምድር ቤት ትንሽ ሱቅ አለው።

«ቲቸር፣ እኔ አንቺን አከብራለሁ» አለኝ። ንግግር በዚህ ሲጀመር መጨረሻው ደግ አይደለም። «ሰው አቤት ብሏል። ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ጮኸ የሚል ከሰማሁ ውሻው ይወጣል። በስብሰባ ተወስኗል።»

«በየትኛው ስብሰባ ጋሼ?»

«አንቺ በቀረሽበት።»

ይወጣል ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሜዳ ላይ የሚጣል ውሻ ወይ መኪና ይበላዋል ወይ መርዝ። እህቴ እንደማትወስደው አውቃለሁ፣ ወንድሞቼ እንደማይወስዱትም አውቃለሁ። ስለዚህ ውሻዬን የማስሮጥበት ግን ማንም የማይሰማበት ቦታ መፈለግ ነበረብኝ።

ያ ቦታ አራተኛ ፎቅ ነው። እዚያ ውሃ ስለማይወጣ ተከራይ አይበረክትበትም፤ ያሉትም በጠዋት ወጥተው በምሽት የሚገቡ ናቸው። ቀን ቀን በሮቹ ሁሉ ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፈው ነው የሚውሉት። ጓጉንቸር ከውጭ ከተንጠለጠለ ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። ቆጣሪ አንባቢውም፣ የዕድር ለፋፊውም፣ ሌባውም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ኮሪደሩ ረጅምና ጨለም ያለ ነው፤ ብርሃን የሚያገኘው ጫፉ ላይ ካለች መስኮት ብቻ ነው። የሰፈር ልጆች የሚጫወቱበትን ዓይነት የካልሲ ኳስ ሠራሁ፤ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቄ አፉን ቋጠርኩት። ሲወረወር ኮሽ አይልም። ደረጃውን እያስወጣሁ እያስወረድኩ፣ ኮሪደሩ ላይ ኳሱን እያንከባለልኩ አለፋዋለሁ። ጎረቤት ተኛ፣ ኮሚቴው ዝም አለ፣ እኔም ብልህነቴን ራሴው አደነቅኩ።

አንድ ጠዋት ኳሱ አቅጣጫውን ስቶ በስተቀኝ በኩል ካለው የመጨረሻ በር ሥር ገባ። የዚያ በር ደፍ ሲሚንቶው በደንብ አልተሞላም፤ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለው። በመጥረጊያ እንጨት ላወጣው ብዬ ወደ ደረጃው ዞር አልኩ። መልሼ ሳይ ኳሱ ኮሪደሩ መሃል ላይ ነበር። ውሻው በጥፍሩ ስቦ አውጥቶት ነው አልኩና ደግሜ ወረወርኩት፤ እንደ ዕድል ሆኖ ተመልሶ እዚያው ገባ። ውሻው አጠገቤ ነበር፤ አንገቱን ይዤዋለሁ።

ኳሱ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወጣ። ዝግ ብሎ፣ ሰው በጣቱ ጫፍ እንደገፋው ሆኖ።

ውሻው ጭራውን ቆላ። የእኔ ግን ፀጉሬ ቆመ። «ማነው?» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ጓጉንቸሩን ሳብኩት፤ ጥርቅም ብሎ ተቆልፏል። ውሻውን እየጎተትኩ ወረድኩ፤ አንዱን ነጠላ ጫማዬን ጥዬ መምጣቴን ያወቅኩት ቤት ገብቼ ነው።

ከሰዓት ሻማ ለመግዛት ብዬ ሰብሳቢው ሱቅ ሄድኩና ነገሩን እንደ ዋዛ አስመስዬ ጠየቅኩ። «ያ አራተኛ ፎቅ የመጨረሻው ቤት ማን ነው ያለበት?»

«ማንም የለበትም። ባለቤቱ ቆልፎት ሄዷል። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

ምን ልበለው? እዚያ ምን ስትሠሪ አየሽ ቢለኝ ውሻዬን ልናገርበት ነው። ጨው የምትገዛ አንዲት ሴትዮ ግን ጆሮዋን ጥላ ኖሯል። «እነዚህ ብሎኮች እኮ የቆሙት በሰው ደጅ ላይ ነው» አለች። «እዚህ ገበሬ ይኖር ነበር፣ ሙታኑንም በደጁ ይቀብር ነበር። ገበሬው ተነሥ ተብሎ ተነሣ። ሙታኑን ግን ማን ተነሡ አላቸው?» ሰብሳቢው «ጨውሽን ያዢና ሂጂ» ብሎ አባረራት። እኔ ግን ሰምቻለሁ። ሻማውን ይዤ ደረጃውን ስወጣ ወደ ላይ ቀና ብዬ አላየሁም።

ለጥቂት ቀናት ወደ ላይ መሄድ ተውኩ። ውሻዬ የሶፋውን ስፖንጅ በላ። የመታጠቢያ ቤቱን በር አኝኮ ግማሽ አደረሰው። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ሲመላለስ ውሎ አንድ ከሰዓት ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ጉሮሮው ውስጥ ጩኸት ሲሰበሰብ አየሁና ዘልዬ አፉን ያዝኩት። እዚያው ወለሉ ላይ ተቃቅፈን ቀረን። በዚያ ቀን ቁርጤን አወቅኩ፤ ከሰይጣንና ከኮሚቴው ይበልጥ የምፈራው ኮሚቴውን ነው።

በማግስቱ በሃይላንድ ጠበል ይዤ ወጣሁ። በስመ አብ ብዬ በሩ ላይ ረጨሁ፣ ከሥሩም አፈሰስኩ። ከዚያ ኳሱን አንከባለልኩ። ገባ፤ ቆየ፤ ወጣ። ሰይጣን ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ለጠበሉ ይቆጣ ነበር ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ።

ከዚያ በኋላ ለመድኩት ማለት ይከብዳል፤ ግን በየቀኑ ሄድኩ። ውሻው ደረጃውን ሲወጣ እንደ ድሮው አይዘልም፤ ቀጥ ብሎ ወደዚያ በር ይሮጥና ደረቱን መሬት ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ኳሱን የምወረውርለት እኔ መሆኔ ቀረ። በአፍንጫው ራሱ ይገፋዋል፣ ከውስጥ ይመለስለታል፣ ይገፋዋል፣ ይመለስለታል። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ሹራቤን ወደ ጉልበቴ እስባለሁ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከበሩ ወዲያ የእግር ኮቴ የለም፣ ሳል የለም፣ ምንም የለም። የዚያ ዝምታ ነገር ነበር ይበልጥ የሚያስፈራኝ፤ በደንብ የታሰበበት፣ የተጠና ዝምታ ነበር።

ኳሱ እያደር አረጀ። ካልሲው ተቀደደና ጨርቁ መውጣት ጀመረ። አንድ ጠዋት እንደተዘረገፈ ገባ፣ ከወትሮው በላይ ቆየ። አይመለስም ብዬ ተስፋ ስቆርጥ ወጣ። ጨርቁ ተመልሶ ተጠቅጥቋል፣ ቀዳዳው ተጠቅልሏል፣ ዙሪያውን በሲባጎ ተጠፍሮ ተቋጥሯል። ቋጠሮው እኔ የማላውቀው ዓይነት ነው፤ ሲጎትቱት ይበልጥ የሚጠብቅ፣ ጥጃ የሚታሰርበት ዓይነት። በሲባጎው መሃል አንዲት ጭድ ተሰክታለች። ቤት ወስጄ ልፈታው ሞከርኩ፤ ጥፍሬ ተሰበረ እንጂ አልተፈታም። ቋጠሮ የሚቋጥር እጅ የሕያው ሰው እጅ ነው ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን የዚያች ሴትዮ ወሬ ጭንቅላቴ ውስጥ ስለገባ ያሰብኩት ሌላ ነው፤ መሬቱ ላይ ብሎክ የቆመበት አንድ የሞተ ገበሬ ጥጃውን ሲያስር ታየኝ።

ቢሆንም የማላየውን ነገር እየፈራሁ መኖር ተፈጥሮዬ አይደለም። በማግስቱ መሬቱ ላይ ተኝቼ ጉንጬን ከሲሚንቶው አጋጠምኩና በክፍተቱ አየሁ። መጀመሪያ ደብዘዝ ያለ ብርሃንና ባዶ ወለል ታየኝ። ከዚያ ብርሃኑ ጠፋ። ከወዲያ በኩልም የሆነ ነገር እንደ እኔው መሬት ላይ ተኛ። ሞቅ ያለ ትንፋሽ ፊቴን ነካው።

ሙታን እንደማይተነፍሱ አውቃለሁ። «ሰው ነዎት?» አልኩ በሹክሹክታ። ውሻው በደስታ ሊጮህ አፉን ሲከፍት ከወዲያ በኩል አንድ ድምፅ ወጣ።

«እሽሽሽ።»

ውሻው አፉን ገጠመ። እኔም ገጠምኩ። ውሻውን ይዤ ወረድኩ። ከውጭ በተቆለፈ ቤት ውስጥ የሚኖርና ዝም በሉ የሚል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ወንጀለኛ ነው? ተደብቆ ነው? ተደብቆስ ከሆነ ከውጭ የሚቆልፍለት ማነው? በማግስቱ ምሽት ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ በሩን የሚከፍተውን ሰው አያለሁ ብዬ ወሰንኩ። ግን እስከ ምሽት የሚያቆይ ነገር አልነበረም።

ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ነበር። ጠዋት ሜዳው ነጭ ሆኖ አደረ፤ ትንፋሼ ቤት ውስጥ ይጨሳል። ውሻውን ይዤ ወጣሁ። ኳሱን በአፍንጫው ገፋው፤ ገባ። ጠበቅን። አልተመለሰም።

ውሻው አፍንጫውን ክፍተቱ ውስጥ ከተተ፤ መልሶ አወጣውና አስነጠሰ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ከሰል ሸተተኝ። በየክረምቱ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል አንድዶ ስለተኛና ሳይነሣ ስለቀረ ሰው በየሰፈሩ እንሰማለን። በሩን ደግሜ ደጋግሜ ደበደብኩ። ውሻው ማልቀስ ጀመረ፤ ከዚያ ያ የማውቀው ነገር ጉሮሮው ውስጥ ሲሰበሰብ ሰማሁና ሁለቱን መንጋጋዎቹን ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ። አንድ ጩኸት ነው ኮሚቴው ያለው። መጀመሪያ ቤት ወስጄ ልዝጋበት፣ ከዚያ ብቻዬን ሰው ልጥራ አልኩ። ወደ ደረጃው ጎተትኩት። አራት እግሩን ሲሚንቶው ላይ ተክሎ አልነቃነቅም አለ። መንጋጋው እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዓይኑ በሩ ላይ ነው። እየታገልኩት የሚያልፈው እያንዳንዱ ደቂቃ ከዚያ ከሚተነፍሰው ሰው ላይ እንደሚቀነስ ገባኝ።

ለቀቅኩት። «ጩህ!» አልኩት።

ጮኸ። ክረምቱን ሙሉ ውስጡ ያጠራቀመውን ጮኸ። እኔም አብሬው ጮህኩ። ደረጃው ከታች እስከ ላይ አስተጋባ፤ በር ተከፈተ፣ ኮቴ መጣ። መጀመሪያ የደረሰው ሰብሳቢው ነው፤ እያለከለከ፣ ጣቱን ወደ ውሻዬ ቀስሮ።

«ይኸው! አላልኩም? በቃ ዛሬውኑ ይወጣል!»

«ጋሼ፣ ውስጥ ሰው አለ።»

ጓጉንቸሩን በጣቱ መታ መታ አደረገልኝ፤ ለሕፃን እንደሚያሳይ። «ታዲያ ይህ ምንድነው?»

«ጎንበስ ብለው ያሽትቱት።»

እያጉረመረመ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ነበር። «ፌሮ አምጡ!» ብሎ ጮኸ።

ጓጉንቸሩን በፌሮ ሰበሩት። በሩ ግን ወዲያው አልተከፈተም፤ የሚከለክለው ነገር ነበር። ቀስ ብለን ስንገፋ አንድ ሽማግሌ በደረታቸው ተኝተው አየን፤ አንድ እጃቸው ወደ በሩ ሥር ተዘርግቷል፣ ኳሱ ጭብጣቸው ውስጥ ነው። ክፍሉ ውስጥ የጭድ ፍራሽና ጄሪካን አለ፤ መሃል ላይ ማንደጃው ገና ቀይ ነው። መስኮቱ ብርድ እንዳያስገባ በጨርቅ ተወትፏል። ጎትተን ኮሪደሩ ጫፍ መስኮት ሥር አደረስናቸው። ውሻው ፊታቸውን ይልስ ነበር፤ ማንም እርኩስ ነው ብሎ አልገፋውም። እኔ ስማቸውን ስለማላውቅ «አባባ፣ አባባ» እላለሁ። ረዥም ጊዜ መሰለኝ። ከዚያ አስታወካቸው፣ ተነፈሱ፣ ዓይናቸውን ከፈቱ። መጀመሪያ ያዩት ውሻውን ነው። «ኮቱ» አሉት በኦሮምኛ፤ ና ማለታቸው ነው።

ጤና ጣቢያ ተወስደው ከሰዓት ተመለሱ። ምሽት ላይ የሰብሳቢው ሚስት ጋቢ ደርባላቸው ፍራሹ ላይ ቁጭ ብለን ሳለ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። አንዲት ቀጭን ሴት የፋብሪካ ጋውኗን እንደለበሰች መጣች። የተሰበረውን ጓጉንቸር መሬት ላይ ስታይ «ወጣ? ማን ከፈተለት? የት ሄደ?» ብላ ጮኸች። እኛን አላየችንም። አባቷን ስታይ እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አለች።

«የዛሬውን ውለታችሁን እግዜር ይክፈልልኝ» አለች በኋላ። «አባቴ ይጠፋብኛል። እዚህ እርሻ ነበረን፤ ስንነሣ ሌላ ቦታ ሄድን። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሁሉንም ረሳ፤ ቤቱን ብቻ አልረሳም። በር ከተከፈተ ቤቴ ልሂድ ብሎ ይወጣል። መኪና መንገድ መሃል ነው ባለፈው ያገኘሁት። ሥራ ካልሄድኩ ምን እንበላለን? ቤቱንም ባለቤቱ ለማንም ሳይናገር ለእኔ ብቻ ብሎ ነው ያከራየኝ። ድምፅህን ካሰማህ ያስወጡናል፣ ዝም በል ብዬ ቆልፌበት እወጣለሁ። ዛሬ ጠዋት ሲንቀጠቀጥ አይቼው ከሰሉን አነደድኩለት። ብርዱን ብቻ ነው ያሰብኩት።»

ሰብሳቢው መሬት መሬት እያየ «ልጄ፣ ከዚህ ብሎክ ማን ያስወጣሽ ነበር?» አለ። እኔ አየሁት፤ እሱ ወደ ውሻዬ አየና ቶሎ ፊቱን አዞረ። ስለ ውሻው መውጣት ከዚያ ቀን ወዲያ አንስቶ አያውቅም። ያ «እሽሽ» ምን እንደነበርም ያን ምሽት ገባኝ። ዝም በል የተባሉት ሽማግሌ እኔንና ውሻዬን ከመባረር እያዳኑን ነበር፤ እኛን ማን እንደሚያባርረን ባያውቁም።

ልጅቷ አዲስ ጓጉንቸር ገዛችና ቀን ቀን አባቷን እንዳይላት አንዱን ቁልፍ ለእኔ ሰጠችኝ። «ቁልፍ አያስፈልግም፣ እኔ እያለሁ ሰው አይቆለፍበትም» ብዬ ተቆጣኋት። በመጀመሪያው ቀን በሩን ገርበብ አድርጌ ዳቦ ላመጣላቸው ወረድኩ። ስመለስ አልነበሩም። ውሻው ነው ያገኛቸው። ከብሎኮቹ መሃል፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ዝናብ እየወረደባቸው በባዶ እግራቸው ቆመዋል። አንድ የማይታይ ነገር በእጃቸው ይዳብሳሉ።

«የቤቴ በር እዚህ ነበር» አሉኝ። «ባህር ዛፎቹ በዚህ በኩል ናቸው። ማን ወሰደው ልጄ?»

በዚህ ሰፈር የቤት ዕጣ የወጣልኝ ዕለት እልል ብዬ ጎረቤት የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። እጃቸውን ይዤ ደረጃውን ማስወጣት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ስወጣ እኔም እቆልፋለሁ።

የቀረውን ክረምት ውሻዬን ያጫወቱት እሳቸው ናቸው። ዳቦ ጭዱ ውስጥ ይደብቁበታል፣ ሲባጎ ይቋጥሩበታል፣ ኳሱን ከግድግዳ ግድግዳ ያንከባልሉለታል። እኔ ስጠራው የማይሰማው፣ እሳቸው «ኮቱ» ሲሉት ከተኛበት ይነሣል። ደረጃው ላይ ኮቴ ከሰሙ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «እሽሽ» ይላሉ፤ ሁለቱም ኮቴው እስኪያልፍ በሩን እያዩ ይቀመጣሉ። «አባባ፣ አሁን እኮ ማንም አያስወጣችሁም» እላቸዋለሁ። ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ ይሉኛል፤ ቀጥሎ ኮቴ ሲመጣ ያንኑ ያደርጋሉ። ያኔ ያስቀኝ ነበር።

መስከረም ጠባ። ትምህርት ቤት የሚከፈት ዕለት ፀሐይዋ ከማለዳው ወጣች። ልብሴን ለብሼ ቁርሳቸውን ይዤ ወጣሁ፤ ውሻውን ይዤ ወርጄ ቤቴ አስገብቼ ልሄድ ነው። እግራቸው ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ጠራሁት። ጭራውን አንዴ ወለሉ ላይ መታና አልነሣም አለ። አንገቱ ላይ ያለውን ማሰሪያ ያዝኩ። ከእህቴ አፍ፣ ከኮሚቴው፣ ከብርዱ ያስጣልኩት ውሻ ነው። የእናቴ ውሻ ነው። ጎትቼ ልወስደው እችል ነበር።

ሽማግሌው እጄን ያዙኝ። እጃቸው ሻካራ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው።

«እኔ እንደምቆለፍ አውቃለሁ» አሉኝ። «ብቻዬን ግን አትቆልፊብኝ ልጄ።»

ማሰሪያውን ለቀቅኩ። ቁርሱን አስቀምጬ ወጣሁ፣ በሩን ሳብኩ፣ ጓጉንቸሩን በሁለቱም ላይ ቆለፍኩ። ደረጃው መጀመሪያ ላይ ቆምኩ። ጥዬው ስሄድ ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮህ ተመልሼ እከፍት ነበር።

ከበሩ ወዲያ ምንም አልተሰማም። ኮቴዬን እየሰሙ ነበር፤ ውሻዬም ዝም ማለትን ከእሳቸው ተምሯል።